ከአጥንት መቅኔ ሜጋካርዮሳይት ማሳደግ፦ ሴሉ ያድጋል፣ ፕላትሌቱ ግን ጥቂት ነው

ላብ_ላይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን አገር ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። የመመረቂያ ሥራዬ ከአይጥ የአጥንት መቅኔ ሜጋካርዮሳይት አሳድጎ ፕላትሌት ሲለቅ ማጥናት ነው። ዘርፉን ለማታውቁ፣ ፕላትሌት የደም ሥር ሲቀደድ ቀዳዳውን የሚደፍነው ትንሹ የደም ክፍል ነው። ሜጋካርዮሳይት ደግሞ እሱን የሚሠራው ግዙፍ የመቅኔ ሴል ነው።

የምሠራው እንዲህ ነው። የጭንና የቅልጥም አጥንቱን ጫፍ ቆርጬ መቅኔውን በቀጭን መርፌ አጥቤ አወጣለሁ። በወንፊት አሳልፈዋለሁ። ከዚያ 10 ፐርሰንት የጥጃ ሴረም ባለው ሚዲየም (የሴል መመገቢያ ፈሳሽ) ላይ ትሮምቦፖየቲን (ቲፒኦ፣ ሜጋካርዮሳይትን የሚያሳድገው ሆርሞን) በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ጨምሬ 37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በአራተኛው ቀን ትልልቆቹ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ጥርት ብለው ይታያሉ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እጅ፣ ማለትም ፕላትሌቱ የሚበጠስበትን ረጅም ቅጥያ፣ እያወጡ ፕላትሌት ለመልቀቅ የሚዘጋጁት በጣም ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት ክብ እንደሆኑ ይቆዩና ይሞታሉ። አማካሪዬ «ቲፒኦ ጨምሪ» ይለኛል። ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። በዚህ ሥራ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ።

ቅልጥም፦

እህቴ፣ ቲፒኦው በቂ ነው። 50 ናኖግራም ብዙ ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት መጠን ነው። ከዚያ በላይ ብትጨምሪ ገንዘብሽን ነው የምታፈሺው። ቲፒኦ ሴሉን ያበዛዋል፣ ያሳድገዋል። እጅ የማውጣቱ ጉዳይ ግን በአብዛኛው በሌላ ነገር ነው የሚወሰነው።

መጀመሪያ ሴረሙን ተመልከቺ። ሴረም የሚገኘው ደም ከረጋ በኋላ ነው። ደም ሲረጋ ፕላትሌቶች በውስጣቸው የያዙትን ሁሉ ይለቃሉ። ከሚለቁት መካከል ቲጂኤፍ ቤታ እና ፕላትሌት ፋክተር 4 የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሁለቱም የሜጋካርዮሳይትን እድገት ይገታሉ። ቀደምት ተመራማሪዎች በሴረም ፋንታ ፕላዝማ የመረጡት፣ አሁን ደግሞ ብዙዎች ሴረም የሌለበት ሚዲየም የሚገዙት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሂሩዲንም ሞክሪ። አልቅት ደሙ እንዳይረጋባት የምታመነጨው ነገር ነው፤ በላብ የተሠራው ይሸጣል። ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ያሉ ተመራማሪዎች በ2012 ከአይጥ መቅኔ ሲያሳድጉ ሂሩዲን ሲጨመር ሴሎቹ በተሻለ ሁኔታ እንደሚበስሉና እጅ እንደሚያወጡ አሳይተዋል። አንቺ ካለሽበት ሩቅ አይደሉም። ጻፊላቸው፤ የሙያው ሰዎች እንዲህ ላለ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ይመልሳሉ።

ሌላው፣ መቅኔውን እንዳለ ነው የምታሳድጊው። መቅኔ ውስጥ ኑክሊየስ ካላቸው ሺህ ሴሎች አንዱ እንኳ ሜጋካርዮሳይት አይሆንም። የቀረው ነጭ የደም ሴል፣ የቀይ ደም ሴል እናት፣ ማክሮፋጅ ነው። እነዚህ ሁሉ ሚዲየሙን ይበላሉ፣ የየራሳቸውን ኬሚካል ይለቃሉ። ወደ ሌላ መስመር የገቡትን ሴሎች በመጀመሪያው ቀን በማግኔት አንቲቦዲ ለይተሽ አውጪ። በአራተኛው ቀን ደግሞ በክብደት ለዪ። በቱቦ ውስጥ ከታች 3 ፐርሰንት፣ ከላይ 1.5 ፐርሰንት አልቡሚን ታደርጊያለሽ፤ ሴሎቹን ከላይ ቀስ ብለሽ ታፈሺና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትነኪው ትተዪዋለሽ። ሴንትሪፊዩጅ አያስፈልግም። ትልልቆቹ በራሳቸው ክብደት ይሰምጣሉ።

ደግሞ ሴሉ የሚያርፍበትን ነገር አትናቂ። ሜጋካርዮሳይት አንደኛው ዓይነት ኮላጅን ላይ ሲያርፍ እጅ ማውጣቱን ያቆማል። ደም ውስጥ ያለው የመርጊያ ፕሮቲን ፋይብሪኖጅን ላይ ሲያርፍ ያወጣል። መቅኔ ውስጥም ከደም ሥሩ ርቆ ያለ ሴል ፕላትሌት ቢለቅ ትርፉ ብክነት ነው። ስለዚህ ሴሉ የት እንዳለ የሚያውቀው በሚነካው ነገር ነው። ባዶ ፕላስቲክ ላይ ተቀምጦ ምን ይወቅ?

በመጨረሻም ፒፔትሽ አፉ ሰፊ ይሁን። እነዚህ ሴሎች ትልቅ ናቸው፤ በቶሎ ይቀደዳሉ።

ላብ_ላይ፦

በጣም አመሰግናለሁ። የሴረሙን ጉዳይ ማንም አልነገረኝም ነበር። ሴረም የሌለበትን ሚዲየም ነገ ከሂሩዲኑ ጋር አዛለሁ።

አንድ ሌላ ጥያቄ። ከላይ የሚንሳፈፈውን ፈሳሽ በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር በሚለካ ማሽን) ስለካው ፕላትሌት የሚያክሉ ብዙ ነገሮች አያለሁ። የሜጋካርዮሳይትና የፕላትሌት ምልክት የሆነው ሲዲ41 አላቸው። ፕላትሌት ናቸው ወይስ የሞቱ ሴሎች ስብርባሪ?

ስላይድ፦

ሲዲ41 ብቻውን አይበቃም። ሜጋካርዮሳይት ሲሞት ተሰባብሮ ፕላትሌት የሚያክል ቁራጭ ይሆናል። በቁራጩም ላይ ሲዲ41 አለ። በመጠንና በአንድ ምልክት ብቻ ከቆጠርሽ ሞትን ምርት ብለሽ ትጽፊያለሽ። በዚህ ዘርፍ ከወጡ ቁጥሮች ብዙዎቹን በጥርጣሬ የማያቸው ለዚህ ነው።

ሲዲ42ቢን አብረሽ ለኪ። እሱ ፕላትሌት የተቀደደ የደም ሥር ላይ የሚይዝበት ነው። ግን ጠንቀቅ በይ፤ በ37 ዲግሪ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ኢንዛይም እየቆረጠ ይጥለዋል። ስለዚህ ሲዲ42ቢ የሌለው ሁሉ ስብርባሪ ላይሆን ይችላል፤ ያረጀ ፕላትሌትም ይኖራል። እንዲህ ዓይነቱ ፕላትሌት ለሰው ቢሰጥ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህም ነው ለሕክምና የሚያመርቱት ቡድኖች ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት የሚጨምሩት።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሥራውን መፈተን ነው። ትሮምቢን ወይም ኤዲፒ ጨምሪ። እውነተኛ ፕላትሌት ይነቃል፤ ፒ-ሴሌክቲን የተባለውን ፕሮቲን ወደ ላዩ ያወጣል፣ ፋይብሪኖጅን ይይዛል። ስብርባሪ ሳይነኩትም «የነቃ» መስሎ ይታያል፤ ትሮምቢን ሲጨመርበት ግን አይለወጥም። ከአይጡ ደም የወሰድሽውን ትኩስ ፕላትሌት ጎን ለጎን አብረሽ ለኪ። ያለ ማነጻጸሪያ ያገኘሽውን ቁጥር ማንም አያምንሽም፤ ማመንም የለበትም።

የናቲ_እናት፦

ይቅርታ፣ በሙያችሁ መሀል ገባሁ። እኔ የላብ ሰው አይደለሁም። የስድስት ዓመት ልጄ ፕላትሌቱ ወርዶ አይቲፒ ነው ብለውኛል። ሰውነቱ ላይ ብልዝ ብልዝ ይልበታል። ፕላትሌት በላብ ይሠራል ሲባል ሰምቼ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ይሄ ነገር ለልጄ ይደርስለታል ወይ?

ሄማቶ፦

የናቲ እናት፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ይቅርታም አያስፈልግም፤ ይህ ሁሉ ሥራ በመጨረሻ ለእንደ ናቲ ላሉ ሰዎች ነው።

በእርስዎ ልጅ ጉዳይ በላብ የተሠራ ፕላትሌት መፍትሔ አይሆንም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። አይቲፒ ማለት ሰውነት በራሱ ፕላትሌት ላይ አንቲቦዲ ሲያዘጋጅ ነው። መቅኔው ይሠራል፤ ጣፊያ (ስፕሊን) ያጠፋዋል። ከውጭ ቢጨመርም ያንኑ ያህል ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ በአይቲፒ ፕላትሌት የምንሰጠው ከባድ ደም መፍሰስ ሲያጋጥም ነው።

ነገር ግን ከመቅኔ ሴል የማሳደግ ሥራ ለአይቲፒ ትልቅ ነገር አድርጓል። ድሮ መቅኔው ምንም አልሆነም፣ ጥፋቱ ደሙ ውስጥ ብቻ ነው ይባል ነበር። ከ2003 ጀምሮ የአይቲፒ ሕመምተኞችን ፕላዝማ በላብ እያደገ ባለ ሜጋካርዮሳይት ላይ ሲያደርጉት፣ በብዙዎቹ የሴሉ እድገት ቀነሰ። አንቲቦዲው የተሠራውን ብቻ ሳይሆን የሚሠራውንም ይነካል ማለት ነው። እንግዲያው ሠሪውን ማበርታት ይቻላል የሚለው ሐሳብ ክብደት አገኘ።

ለእርስዎ ደግሞ ይህን ልበል። አብዛኞቹ ሕፃናት በወራት ውስጥ በራሳቸው ይሻላቸዋል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይስጡት። ጭንቅላቱን ከተመታ ወይም አልቆም ያለ ነስር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዱት። የቀረውን ናቲን የሚያየው ሐኪም ይወስናል።

የናቲ_እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር። ትንሽ ረጋ አልኩ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ቲፒኦ የምትሉት ነገር መቅኔውን የሚያሠራው ከሆነ፣ ለምን እሱኑ አይሰጡትም?

ሄማቶ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ታሪኩም የሚያሳዝን ነው። ትሮምቦፖየቲን የሚለው ስም ከ1958 ጀምሮ አለ። ንጥረ ነገሩ ራሱ ግን ለ36 ዓመት አልተያዘም። ብዙ ሰው የለም እስከማለት ደርሶ ነበር። በ1994 ብዙ ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ጂኑን አገኙት። በላብ ሴል የማሳደጉ ሥራ ያኔ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ሜጋካርዮሳይት ለማሳደግ ሌላ ሴል ያደገበትን ፈሳሽ ይጨምሩ ነበር።

ወዲያው ለሰው መስጠት ተጀመረ። አንደኛው ዓይነት የቲፒኦን ቁራጭ የሚመስል ነበር። ለጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ሲሰጥ አንዳንዶቹ አንቲቦዲ አዘጋጁበት። አንቲቦዲው መድኃኒቱን ብቻ አልያዘም፤ የራሳቸውንም ቲፒኦ ያዘ። ጤነኛ የነበሩ ሰዎች ፕላትሌታቸው ወረደ። በ1998 ሥራው ቆመ።

ከዚያ ሌላ መንገድ ተፈለገ። ቲፒኦን የማይመስል፣ ግን የቲፒኦን መቀበያ የሚቀሰቅስ ነገር። ሮሚፕሎስቲም በመርፌ፣ ኤልትሮምቦፓግ በኪኒን። ሁለቱም በ2008 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀዱ። ኤልትሮምቦፓግ በ2015 ሌላ ሕክምና ላልሠራላቸው የአይቲፒ ሕፃናትም ተፈቅዷል። እና የናቲ እናት፣ ያሰቡት ነገር ተደርጓል፤ በዙሪያ መንገድ ነው እንጂ።

ላብ_ላይ፣ አንቺም ይህን ያዢ። ኤልትሮምቦፓግ የሚሠራው በሰውና በቺምፓንዚ መቀበያ ላይ ነው። በአይጥ መቅኔ ላይ ብትሞክሪው ዝም ነው የሚለው። የአንድ አሚኖ አሲድ ልዩነት ነው። ከሰው መቅኔ ሴል ማሳደግ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ የምንለው ለዚህ ነው።

ሲስተር_ቲ፦

እኔ ዋሽንግተን አካባቢ ነርስ ነኝ። የካንሰር ክፍል ነው የምሠራው። ፕላትሌት ለእኛ የየቀኑ ጭንቀት ነው። ቀይ ደም ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ይቀመጣል። ፕላትሌት ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ክፍል፣ ማሽን ላይ ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ፣ ብዙውን ጊዜ ለ5 ቀን ብቻ ነው። ሙቀት ውስጥ ስለሚቀመጥ ባክቴሪያም ይፈራለታል። በዓል ሲሆን ለጋሽ ይጠፋል። አገር ቤት ደግሞ ፕላትሌቱን ከሙሉ ደም የሚለይ ማሽንና ባለሙያ ከሌለበት ከተማ የመጣ ሕመምተኛ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከለጋሽ ሳንጠብቅ ማምረት የምንችለው መቼ ነው?

ግንዱ፦

ሲስተር፣ በኔ አስተያየት መልሱ ከመቅኔ አይመጣም። መቅኔ ለጋሽ ይፈልጋል፤ ሴሉም በተወሰነ ጊዜ መባዛቱን ያቆማል። ተስፋው ከአይፒኤስ ሴል ነው። ይህ ከማንም ሰው ደም ወይም ቆዳ ተወስዶ ወደ ግንደ ሴልነት የተመለሰ ሴል ነው።

ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኮጂ ኤቶ ቡድን በ2014 ከአይፒኤስ ሴል ሳያቋርጥ የሚባዛ የሜጋካርዮሳይት ዘር አወጣ። ሦስት ጂኖች አስገቡበት። ጂኖቹ ሲበሩ ሴሉ ይባዛል፤ ሲጠፉ ይበስልና ፕላትሌት ይለቃል። ዘሩን አቀዝቅዞ ማስቀመጥም ይቻላል። በ2018 ደግሞ 8 ሊትር በሚይዝ ታንከር 100 ቢሊዮን ፕላትሌት አመረቱ።

ለሰውም ተሰጥቷል። በ2022 የታተመው ዘገባ ስለ አንድ ሕመምተኛ ነው። መቅኔያቸው ደክሟል፤ በአንቲቦዲ ምክንያት የለጋሽ ፕላትሌት አይቀበሉም። ከራሳቸው ሴል የተሠራ ፕላትሌት መጠኑ እየጨመረ ሦስት ጊዜ ተሰጣቸው። ጉዳት አላደረሰባቸውም።

ደህንነቱን በተመለከተ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ፕላትሌት ኑክሊየስ የለውም። ስለዚህ ከመሰጠቱ በፊት በጨረር ይመታል። አብሮ የቀረ ግንደ ሴል ካለ ይሞታል፤ ፕላትሌቱ ግን ይሠራል። ሌሎች የግንደ ሴል ሕክምናዎች ይህ ዕድል የላቸውም።

ቅልጥም፦

ግንዱ፣ ስለ ኪዮቶ የጻፍከው ልክ ነው። ለሲስተር ግን ሙሉውን እንንገራቸው። በዚያ ሕመምተኛ ላይ የፕላትሌቱ ቁጥር በተለመደው መለኪያ አልጨመረም። ጉዳት አለማድረሱ ትልቅ ነገር ነው። መሥራቱ ግን ገና የሚረጋገጥ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ለአንድ አዋቂ የሚሰጥ አንድ መጠን አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 300 ቢሊዮን ፕላትሌት ይይዛል። ሰውነት ውስጥ አንድ ሜጋካርዮሳይት በሺዎች የሚቆጠር ፕላትሌት ይለቃል። 3,000 እንበል። ለአንድ መጠን 100 ሚሊዮን ሜጋካርዮሳይት ይበቃል ማለት ነው። ላብ ውስጥ ግን አንዱ ሴል 10 ብቻ ቢለቅ 30 ቢሊዮን ሜጋካርዮሳይት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ሴል የሚበላውን ሚዲየምና ቲፒኦ ዋጋ አስበው። ሴል ማብዛት አስቸጋሪው ክፍል አይደለም። አስቸጋሪው እያንዳንዱ ሴል ሰውነት ውስጥ የሚለቀውን ያህል እንዲለቅ ማድረግ ነው። ዋጋውም የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

መልሱ ደግሞ ያለው መቅኔው ውስጥ ነው። ሜጋካርዮሳይት መቅኔ ውስጥ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ግድግዳውን አልፎ ረጅም እጅ ወደ ደሙ ይሰዳል። እጁ ላይ ፕላትሌቶቹ በክር እንደተሰካ ዶቃ ተደርድረው ይታያሉ። ደሙ እየጎተተ ይበጥሰዋል። በ2007 በሕይወት ያለ አይጥ መቅኔ ውስጥ ይህ ሲሆን በቀጥታ ታይቷል። በ2017 ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች ሜጋካርዮሳይቶች ከመቅኔ ወጥተው ወደ ሳንባ እንደሚሄዱና የአይጥ ፕላትሌት ግማሽ ያህሉ እዚያ እንደሚለቀቅ አሳዩ። ይህን ሳነብ ብዙ ነገር ገባኝ። ሳንባ ማለት እኮ ደም ሳያቋርጥ የሚሮጥበት ቦታ ነው።

የኪዮቶው ታንከርም የተሳካው በዚሁ ነው። መጀመሪያ የአይጥ መቅኔ ውስጥ ተመለከቱ። ፕላትሌት በሚለቀቅበት ቦታ ደሙ እየተሽከረከረ ሲፈስ አዩ። ከዚያ ያንን መሽከርከር ታንከሩ ውስጥ ፈጠሩ። መቅኔውን ባያዩ ኖሮ ታንከሩም አይኖርም ነበር።

ግንዱ፦

የታንከሩን ነጥብ እቀበላለሁ። ሆኖም ሰው ላይ የሚደርሰው ምርት ከአይፒኤስ ወይም ከዚያ መሰል ዘር ነው የሚሆነው እላለሁ። ሌላው ቀርቶ ከሰው መቅኔ ወይም ከእትብት ደም ሲዲ34 በሚባለው የግንደ ሴል ምልክት ተለይቶ የሚያድገው ሴል ራሱ ሰውነት ውስጥ ያለውን አያክልም። መቅኔ ውስጥ ያለው ሜጋካርዮሳይት ሳይከፈል ዲኤንኤውን ደጋግሞ ስለሚያባዛ በብዛት የተራ ሴልን ስምንት እጥፍ ይደርሳል፤ ከዚያም የሚያልፍ አለ። ላብ ውስጥ ያደገው ሰፊው ክፍል ከዚያ በታች ይቀራል። የእትብት ደም ደግሞ በደንብ ይባዛል፤ ሴሉ ግን ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ትንሽ ሴል የሚለቀው ፕላትሌትም ጥቂት ነው።

ቅልጥም፦

በዚህ እንስማማለን። ጣሊያን ፓቪያ ያሉት የአሌሳንድራ ባልዱኒ ቡድን ከሐር ፕሮቲን መቅኔ የሚመስል ስፖንጅ ሠርተው በመሀሉ ፈሳሽ የሚያሳልፉት ለዚህ ነው። ሴሉ ከየትም ይምጣ፣ ቤት ያስፈልገዋል።

ስላይድ፦

የሕክምናውን ወሬ ለጊዜው እንተወውና፣ ከመቅኔ የሚያድግ ሜጋካርዮሳይት ለምርመራ ያለውን ጥቅም ማንም አላነሳም። ጤነኛ ሰው መቅኔ ያለ ቲፒኦ የሜጋካርዮሳይት ቅኝ (ከአንድ ሴል አብረው የበቀሉ ሴሎች ስብስብ) አያወጣም ማለት ይቻላል። ፕላትሌት ከመጠን በላይ በሚበዛበት በሽታ ግን ምንም ሳይጨመር በራሱ ያወጣል። የጃክ2 ጂን ለውጥ በ2005፣ የካልሬቲኩሊን ጂን ለውጥ በ2013 ከመታወቃቸው በፊት ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር። አሁን የጂን ምርመራ ቀድሞታል። ያም ሆኖ አዲስ የተገኘ ለውጥ በሽታ ማምጣት አለማምጣቱን የሚያሳየው አሁንም ሴሉን ማሳደግ ነው።

ጎንደሬው_ተማሪ፦

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የሜዲካል ላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። ቲፒኦ፣ ማግኔት አንቲቦዲ፣ ሂሩዲን ስትሉ ዋጋውን እያሰብኩ ነበር። እኛ ጋ ማይክሮስኮፕ አለ፣ የሙከራ አይጥም አይጠፋም። ፍሎው ሳይቶሜትሪና ሳይቶካይን (እንደ ቲፒኦ ያለ ሴል አሳዳጊ ፕሮቲን) ግን የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ይህን ሴል ማጥናት ይቻላል?

ስላይድ፦

ይቻላል። ፕላትሌት ከሜጋካርዮሳይት እንደሚመጣ ጄምስ ሆመር ራይት በ1906 ሲያሳይ የነበረው ማይክሮስኮፕና ራሱ ያዘጋጀው ቀለም ብቻ ነበር። የፕላትሌቱ ውስጥና የሜጋካርዮሳይቱ ሳይቶፕላዝም በአንድ ዓይነት ቀለም ሲቀቡ አየ። ያ የራይት ቀለም ዛሬም እናንተ ጋ ጠረጴዛ ላይ አለ። የመቅኔ ስላይድ ስታገኝ በትንሹ ሌንስ ከዳር እስከ ዳር ቃኘው። ሜጋካርዮሳይት በትንሹ ሌንስ ነው የሚታየው፤ በዘይት ሌንስ የጀመረ ያልፈዋል። ቁጥሩን፣ መጠኑን፣ የኑክሊየሱን መታጠፍ መዝግብ። ፕላትሌቱ ወርዶ ሜጋካርዮሳይቱ ከበዛ፣ ጥፋቱ ከመቅኔ ውጭ ሳይሆን አይቀርም።

ቅልጥም፦

ወንድሜ፣ ሕይወት ያለውንም ማየት ትችላለህ። ሳይቶካይን አያስፈልግህም። ሜጋካርዮሳይቱን ከማሳደግ ይልቅ መቅኔ ውስጥ በስሎ የተቀመጠውን ተጠቀም።

በመጀመሪያ የእንስሳት ሙከራ ፈቃድህን ጨርስ። ከዚያ የአይጡን የጭን አጥንት ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠህ መቅኔውን በመርፌ ገፍተህ በአንድ ቁራጭ አውጣው። አትበትነው። በስለት ስስ ስስ አድርገህ ቁረጠው። ቁራጮቹን በትንሽ መያዣ ውስጥ የአይጥ ሴረም 5 ፐርሰንት በተጨመረበት ታይሮድ በሚባለው የጨው መፍትሔ ውስጥ አድርገህ ክደነው። ሴረሙ እንደ ላብ_ላይ ሥራ አያስቸግርህም፤ ሴሎቹ በስለዋል፣ የምትፈልገውም ሰዓታት ብቻ ነው። ዋናው ነገር 37 ዲግሪውን መጠበቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ሴሉ እጁን ይሰበስባል። የሚሞቅ ማይክሮስኮፕ ከሌላችሁ ማይክሮስኮፑን በካርቶን ሳጥን ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ አየር አስገቡበት፤ ቴርሞሜትሩን ከስላይዱ አጠገብ አድርጉ።

በመጀመሪያው ሰዓት ትልልቆቹ ሴሎች ወደ ቁራጩ ጠርዝ ይወጣሉ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሰዓት ባለው ጊዜ አንዳንዶቹ ረጅም እጅ ያወጣሉ። በየሰዓቱ ጠርዙን ዞረህ ክቦቹን፣ ወፍራም እጅ ያላቸውንና ቀጭን ረጅም እጅ ያላቸውን ለየብቻ ቁጠር። ቢያንስ ከሦስት አይጥ ውሰድ። ቆጣሪው የትኛው መያዣ ምን እንደተጨመረበት አይወቅ። ስትጨርስ ቁጥሩን እዚሁ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።